ካርዱ «እምቢ» ሲል

በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ የሶፍትዌር ክፍያ የሚቋረጠው ሁልጊዜ ገንዘብ ስለጠፋ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር ወይም አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ጥር ነበር፤ የሠርግ ሰሞን። ባለቤቴ ቀን መደበኛ ሥራውን ሠርቶ ማታ ማታ የሠርግ አልበም ያዘጋጃል። የዚያን ዕለት ሐሙስ ልጆቹን አስተኝተን እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሙሽሮቹ እሑድ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ አልበሙ ዓርብ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት ነበረበት። የቀሩት ስድስት ገጾች ብቻ ናቸው። ፕሮግራሙን ሲከፍተው ግን ሥራው ሳይሆን አንድ አጭር መልእክት መጣ፦ «ክፍያዎ አልተሳካም። እባክዎ የካርድ መረጃዎን ያድሱ።»

ካርዱ የእኛ አይደለም። ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ከሁለት ዓመት በፊት «ይኼማ ምን አላት!» ብላ ያስገባችልን ነው። ባለቤቴ እንደገና ሞከረ፤ እምቢ። ደገመ፤ እምቢ። በአራተኛው ላይ ጭራሽ «ቆይተው ይሞክሩ» የሚል መጣ። ሰዓቱ ከምሽቱ 3 ነው፤ እሷ ዘንድ ገና ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሥራ ላይ ናት። ስልኳ አይነሳም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለች። «ውይ! ካርዱ እኮ ተቀይሯል። ባለፈው ወር የማላውቀው ወጪ ስላየሁ ባንኩ አሮጌውን ዘግቶ አዲስ ላከልኝ። ለእናንተ መንገሩን ረሳሁት» አለች። አዲሱን አስገባች፤ ባንኳ በስልኳ የላከላትን የማረጋገጫ ቁጥር ሞላች፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ፕሮግራሙ ተከፈተ። ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ሲልክ መቆየቱንም ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ሦስት መልእክት ልኳል፤ ሁሉም ግን ባለቤቴ ከፍቶት ወደማያውቀው አሮጌ የኢሜይል አድራሻ ነበር የሄዱት።

አልበሙ ደረሰ። ከስልኩ ማብቂያ ላይ እህቱ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ቤታችን ውስጥ ቀረ፦ «ለመሆኑ ይኼ ስንተኛው ነው? በየወሩ ሦስት ሂሳብ ይቆረጣል እኮ።» አንዱ ይኼው ነው። ሁለቱ ማለትም የልጆቹ የቋንቋ መማሪያና የተበላሸው ስልካችን የፎቶ ማስቀመጫ ከተውናቸው ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኛ ቆሟል ብለን ዝም፤ እሷ ይጠቀሙበታል ብላ ዝም።

ዛሬ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ሂሳብ አለ፤ የልጆች ትምህርት፣ የፎቶ ማስቀመጫ፣ የቢሮ ፕሮግራም፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የንግድ ገጽ። አንዴ ካርድ ካስገባን በኋላ ስለማናየው እንረሳዋለን። የሚያስታውሰን የተቋረጠ ቀን ነው።

እምቢ የሚለው ማን ነው?

የክፍያው ቀን ሲደርስ ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ኩባንያ ጥያቄውን ገንዘብ በሚያስተላልፍለት ድርጅት በኩል ይልካል። ጥያቄው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መረብ አልፎ ካርዱን ወደሰጠው ባንክ ይደርሳል። ባንኩ በሰከንዶች ውስጥ «ይሁን» ወይም «አይሆንም» ይላል። እምቢታው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ፣ ከካርድ ሰጪው ባንክ ነው። ሶፍትዌር ሻጩን በኢሜይል መጨቅጨቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔ የማያመጣው ለዚህ ነው።

ባንኩ ሲመልስ ምክንያቱን በሁለት አሃዝ ቁጥር ይገልጻል። 51 ከሆነ ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም። 54 ከሆነ የካርዱ ጊዜ አልፏል። 14 ከሆነ የካርዱ ቁጥር ትክክል አይደለም። 61 ከሆነ ከተፈቀደው ጣሪያ አልፏል። 05 ደግሞ «አልቀበልም» ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያውቀው ባንኩ ነው። እኛ ስክሪን ላይ የምናየው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን «አልተሳካም» ነው። ስለዚህ የካርዱ ባለቤት ባንኩ ዘንድ ደውሎ የሚጠይቀው «ለምን ተከለከለ? የመለሳችሁት ምክንያት የትኛው ነው?» ብሎ ይሁን። ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ቅርብ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ምክንያቱን ሳያውቁ ደጋግሞ መሞከር ነገሩን ያባብሳል። በአጭር ጊዜ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ የተሞከረ ካርድ በባንኩም በሻጩም ዓይን የተሰረቀ ካርድ ይመስላል። ያን ጊዜ ትክክለኛውን መረጃ ቢያስገቡም ለጊዜው ሊታገዱ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ሞክረው እምቢ ካለ ያቁሙና ይደውሉ።

ገንዘብ እያለ ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት እኛን የገጠመን ነው፤ ካርዱ ተቀይሯል ወይም ጊዜው አልፏል። ካርድ ላይ 08/27 የሚል ቢጻፍ የሚያገለግለው እስከ ኦገስት 2027 የመጨረሻ ቀን ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2019 መሆኑ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለሻጩ በራሱ የሚያሳውቅ አገልግሎት አላቸው፤ የሚሠራው ግን ባንኩም ሻጩም ሲሳተፉበት ነው። ባለፈው ጊዜ በራሱ ታድሷል ብሎ ለሚቀጥለው መተማመን አይበጅም።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ የተሰጠ ካርድ ሲገባ ብዙ ሻጮች የተጻፈው አድራሻና የፖስታ ቁጥር ባንኩ ዘንድ ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን ያጣራሉ። የእህትዎን ካርድ አስገብተው «አዲስ አበባ፣ ቦሌ» ብለው ከጻፉ ካርዱ ጤነኛ ቢሆንም ሊመለስ ይችላል። በሂሳብ አድራሻው ቦታ የሚገባው የእሷ አድራሻና የእሷ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ነው። ቤት ስትቀይር ደግሞ እሱም አብሮ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ማረጋገጫ ነው። አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ካርዱን ሲያስገባ ባንኩ በስልክ መተግበሪያው በኩል «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ ይጠይቃል። መጠኑ ሳይለወጥ በየወሩ ለአንድ ሻጭ የሚከፈል ከሆነ ከመጀመሪያው በኋላ ባንኩ ላይጠይቅ ይችላል፤ ዋጋው ሲጨምር ግን ጥያቄው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዘመድዎ ያን ሰዓት ተኝቶ ወይም ሥራ ላይ ከሆነ ክፍያው ይወድቃል።

አራተኛው ጣሪያ ነው። ካርዱ በቀን ወይም በወር የሚያወጣው የተወሰነ ሊሆን ይችላል፤ የውጭ አገርና የኦንላይን ክፍያም ባንኩ እስኪከፍተው ድረስ ዝግ ሊሆን ይችላል። አምስተኛው የካርዱ ዓይነት ነው። አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ለአንድ ጊዜ ግዢ ቢሠራም፣ በየወሩ ለሚደጋገም ክፍያ የማይቀበሉት ሻጮች አሉ። ስድስተኛው ጥቃቅን ነው፤ ግን ያስቸግራል። አዲስ ካርድ ሲመዘገብ ሻጩ ካርዱን ለመፈተሽ አንድ ዶላር ያህል ለጊዜው ሊይዝ ይችላል፤ ታክስም ከዋጋው በላይ ሊታከል ይችላል፤ ባንኩም የምንዛሪ ኮሚሽን አለው። 10 ዶላር ለሚከፈልበት ካርድ ልክ 10 ዶላር ብቻ ማስቀመጥ ማለት እንዲወድቅ ማስቀመጥ ነው።

ሁለት አቆጣጠር ያለው ቤት

የእኛን ቤት ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር አለ። የምንኖረው በአንድ አቆጣጠር፣ ሂሳቡ የሚመጣው በሌላ አቆጣጠር ነው። ካርዱን ደመወዝ ሲገባ የሚሞላ ቤተሰብ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ክፍያው በፈረንጆቹ ወር 8ኛው ቀን ላይ ነው እንበል። ኦክቶበር 8 በእኛ መስከረም 28 ነው፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ኪስ ሲሳሳ። ፌብሩዋሪ 8 ግን የካቲት 1 ነው፤ ደመወዝ በገባ ማግስት። ኦገስት 8 ነሐሴ 2 ላይ ይውላል፤ ሴፕቴምበር 8 ደግሞ ጳጉሜን 3፣ የዘመን መለወጫ ወጪ በጠናበት። ቀኑ አንድ ነው፤ በቤታችን ወር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ይንሸራሸራል። «ባለፈው ወር ተከፍሎ የለም እንዴ?» የሚያሰኘው ይኼ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ክፍያ የሚጠይቅ ኩባንያ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚጠይቀው። ጠዋት ባንክ እስኪከፈት የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ በቀኑ ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ካርዱ ላይ ይኑር። አንዳንድ አገልግሎቶች የክፍያውን ቀን ለመቀየር ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ ደግሞ የተከፈለው ወር እስኪያልቅ ጠብቆ ማቆምና በሚመችዎ ቀን እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ከማቆምዎ በፊት ያስቀመጡት ሥራ ወይም ፎቶ እንደማይጠፋ ብቻ ያረጋግጡ።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። 570 ብር ገደማ የነበረው የ10 ዶላር ሂሳብ ከ1,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ሻጩ ዋጋ አልጨመረም፤ በቤታችን በጀት ውስጥ ግን ወጪው እጥፍ ሊሆን ቀረበ። እንዲህ ያለውን ወጪ በዶላር እየጻፉ በብር በየሦስት ወሩ እንደገና ማስላት ጥሩ ልማድ ነው።

የዘመድ ካርድ፣ የዘመድ ይሉኝታ

ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካርድ ሲያስገባልን ገንዘቡ ትንሽ ስለሚመስል አንነጋገርበትም። እኛ «ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍረናል፤ እነሱ «ትጠቀሙበታላችሁ?» ማለት ቆጣቢ ያስመስላቸዋል። ይሉኝታው ደግ ነው፤ ግን ወጪ ያስወጣል። ካርዱ ሲቀየር የማይነገረንም፣ የማንጠቀምበት ሂሳብ ዓመት የሚቆረጠውም በዚያው ዝምታ ነው።

የሚበጀው ግልጽ ስምምነት ነው። በየትኛው ካርድ የትኛው አገልግሎት እንደሚከፈል ሁለቱም ወገን ይጻፍ። ካርዱ ሲቀየር መንገር የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይታወቅ። የካርዱ ቁጥርና ከጀርባው ያለው ሦስት አሃዝ በቴሌግራም ፎቶ ተነስቶ አይላክ፤ ባንክ የሚልከውም የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገር። ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ቢሞላው ይሻላል።

«በቤተሰብ ጥቅል ውስጥ አስገቡን» ለማለት የሚያስቡ ካሉም ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ። የጉግል የቤተሰብ ቡድን አባላቱ ከቡድኑ ኃላፊ ጋር በአንድ አገር እንዲኖሩ ይጠይቃል። የአፕል የስጦታ ካርድም የሚሠራው አካውንቱ በተመዘገበበት አገር ነው፤ ከአሜሪካ የተላከ የስጦታ ካርድ በሌላ አገር በተመዘገበ አካውንት ላይ አይገባም። አገርን በቪፒኤን መደበቅም አያዋጣም። ካርዱ ከአንድ አገር፣ ኢንተርኔቱ ከሌላ አገር ሲመጣ የማጭበርበር መከላከያው ይጠረጥራል።

የአገር ቤቱ ካርድ

በብር ሂሳብ ላይ የተመሠረተው የኤቲኤም ካርዳችን ለውጭ አገር የኦንላይን ግዢ የተሰናዳ አይደለም። ይሁንና ለውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ባለቤቶች ወይም ለተጓዦች የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ደንቡና ጣሪያው ስለሚለያይ ፎርም ከመሙላትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ለኦንላይን ክፍያ ክፍት ነው ወይ? እኔ በየጊዜው ሳላጸድቅ በየወሩ ለሚደጋገም ክፍያስ ይፈቅዳል? በአንድ ጊዜና በወር ጣሪያው ስንት ነው? የማረጋገጫ ቁጥሩ በየትኛው ስልክ ይመጣል? ኮሚሽኑ ስንት ነው? ሌሊት ችግር ቢፈጠር ማን ዘንድ ይደወላል?

በቴሌግራም «እኔ በካርዴ ልክፈልልህ» የሚሉም አሉ። በአንድ የማይታወቅ ካርድ ብዙ ሰው ሲከፍል ካርዱ ይታገዳል፤ ከካርዱ ጋር የተያያዙ አካውንቶችም አብረው ሊጠረጠሩ ይችላሉ። ገንዘብዎ ሄዶ አካውንትዎም ቢዘጋ አቤት የሚሉበት የለም። ከባንክና ፈቃድ ካላቸው የምንዛሪ ቢሮዎች ውጪ የውጭ ምንዛሪ መግዛትም በሕግ ያስጠይቃል።

ከወደቀስ በኋላ?

አይደንግጡ። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ወዲያው አይዘጉም፤ በተለያዩ ቀናት ደግመው ይሞክራሉ፤ የጥቂት ቀን ፋታም የሚሰጡ አሉ። በመጀመሪያ መልእክቱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። «ክፍያዎ አልተሳካም፤ እዚህ ይጫኑ» የሚል ኢሜይል የአጭበርባሪዎች የታወቀ ወጥመድ ነው። ሊንኩን አይንኩ። መተግበሪያውን ራስዎ ከፍተው በክፍያ ገጹ ላይ ይመልከቱ፤ እውነት ከሆነ እዚያም ተጽፎ ያገኙታል።

ቀጥሎ ምን እንደሚያጡ ይወቁ። የፎቶ ማስቀመጫ ከሆነ ነገሩ ከአልበም ይብሳል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት፣ አፕል ደግሞ 5 ጊጋባይት ነው። የከፈሉበት ቦታ ሲቋረጥና ያስቀመጡት ከዚህ ካለፈ አዲስ ፎቶ መግባት ያቆማል። በጉግል በኩል ኢሜይልም መላክና መቀበል ይቆማል፤ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ከቆየ ደግሞ ፋይሎቹ ሊሰረዙ ይችላሉ። የልጅዎ የመጀመሪያ እርምጃ፣ የእናትዎ የመጨረሻ ፋሲካ እዚያ ብቻ ካለ፣ በአንድ ካርድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሌላ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑርዎት፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ያድሱት።

ማቀዝቀዣው በር ላይ

ከዚያ ሐሙስ በኋላ እኛ ቤት አንድ ገጽ ወረቀት ተለጥፏል። እርስዎም ግማሽ ሰዓት ወስደው ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

1. የአገልግሎቱ ስምና ማን እንደሚጠቀምበት። የሚጠቀም ከሌለ ዛሬውኑ ያቁሙት። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ ገብተው መሰረዝ አለብዎት።

2. ዋጋው በዶላርና በብር፣ በወር ነው ወይስ በዓመት። በዓመት መክፈል በዓመት 12 ጊዜ ሊወድቅ የሚችለውን ወደ አንድ ያወርደዋል። በየወሩ የሚከፈል የዓመት ውል ግን ቀድሞ ለማቋረጥ ቅጣት ሊኖረው ስለሚችል ውሉን ያንብቡ።

3. የክፍያው ቀን፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ስልክዎ ላይ ከ7 ቀን በፊት የሚያስታውስ ደወል ይሙሉ።

4. የካርዱ የመጨረሻ አራት አሃዞች ብቻ፣ የማን እንደሆነና ጊዜው የሚያልፍበት ወር። ሙሉ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አይጻፉ።

5. ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ኢሜይል። በየቀኑ የሚከፈት አድራሻ ይሁን።

6. ተጠባባቂ ካርድ። ሁለተኛ የክፍያ መንገድ መመዝገብ የሚፈቅዱ አገልግሎቶች አሉ፤ ከፈቀዱ ይመዝግቡ።

7. ከዋጋው በላይ የሚተው መጠባበቂያ። እኛ ከመቶ 20 ያህል እንጨምራለን።

የእኛ ወረቀት አሁን ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱን የማንጠቀምባቸውን ሰርዘን የፎቶ ማስቀመጫ አንድ ጨመርን። በየሦስት ወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቡና በኋላ ለባለቤቴ እህት እንደውላለን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራዋ፣ ከዚያም ስለ ካርዱ። በመጀመሪያው ጥሪ ይቅርታ ልንጠይቃት ስንል «ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ፤ ዓመት ሙሉ ልጆቹ የሚማሩበት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችን። ያንን ከሰማን በኋላ ወረቀቱን ማደስ አልረሳንም።